በሦስት ወንበር ቦታ ስለተቀመጠው ሙት ሞተር

ለተከበሩ የተሽከርካሪ ብቃት ምርመራ መምሪያ ኃላፊ
ሁለተኛ ፎቅ፣ በስተቀኝ፣ ግራጫ ኮት የተሰቀለበት ክፍል

ክቡር ኃላፊ ሆይ፣

እንደምን ሰነበቱ? እርስዎ፣ ቤተሰብዎ፣ የሥራ ባልደረቦችዎ፣ እንዲሁም በወንበርዎ መደገፊያ ላይ የሚውለው ግራጫ ኮትዎ፣ ሁላችሁም በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። ስለ ኮቱ ደህንነት እንኳ በዓይኔ ያየሁትን መመስከር እችላለሁ፤ ባለፉት አምስት ወራት አሥራ አንድ ጊዜ ቢሮዎ ድረስ ተመላልሼ አሥራ አንዱንም ጊዜ አግኝቼዋለሁና። እርስዎን በተመለከተ ግን አራት ጊዜ ስብሰባ ላይ፣ ሦስት ጊዜ መስክ ላይ፣ የቀረውን ጊዜ ደግሞ «አሁን እኮ እዚህ ነበሩ» ላይ እንደሆኑ ስለተነገረኝ፣ በአካል ያጣሁትን ሰው በአደባባይ ደብዳቤ መፈለጌን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ በትሕትና እለምናለሁ።

እኔ የዚያች ሰማያዊ የናፍታ ቫን ባለቤትና ሾፌር ነኝ። ግቢዎ ውስጥ ብዙ ሰማያዊ ቫን ስለሚገባ እንዳያደናግርዎ፣ ሁለት ሞተር ያላትን ማለቴ ነው። መኪናዋ ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ሲሆን፣ ቀድሞ ያገኘችውን ሁሉ ስትጭን የኖረች ናት። ከአራት ዓመት በፊት ታላቅ እህቴ፣ እኔ እትዬ የምላት፣ ኩላሊቷ ሥራ ካቆመ ወዲህ ግን በሳምንት ሦስት ቀን እሷንና ስድስት የሠፈራችንን ሰዎች ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ወዳለው የኩላሊት እጥበት ማዕከል አደርሳለሁ፤ መልሼም በየቤታቸው ደጃፍ አወርዳለሁ። ሰባት ሰው፣ ሰባት ወንበር። ለመሥሪያ ቤትዎ ከባድ ሒሳብ እንዳልሆነ እገምታለሁ።

ነገሩ የጀመረው አሮጌው ሞተር በሞተ ዕለት ነው። ቴስታታው፣ ማለትም የሞተሩ ራስ፣ ዳገት ላይ ተሰነጠቀና ውሃው ከዘይቱ ተቀላቀለ፤ የዘይት መለኪያውን መዝዤ ሳየው ዘይቱ ሻይ በወተት መስሏል። ሰዎቼ ከእጥበት እየተመለሱ ስለነበር ለመቆም እንኳ አቅም አልነበራቸውም፤ እኔ ሌላ መኪና ለምኜ እስካመጣ ድረስ ሰባቱም የመንገዱ ጠርዝ ላይ ተደርድረው ሁለት ሰዓት ሙሉ ተቀመጡ። የዚያን ሞተር መለዋወጫ የሚሠሩት ሰዎች መሥራት ካቆሙ ዘመን አልፏል። ስለዚህ አፈላልጌ ከኋላ ተገጭታ ከተጨማደደች አንዲት ትንሽ የጭነት መኪና ላይ፣ ከአሮጌው በአሥራ አምስት ዓመት የሚያንስ፣ አንድ ጊዜ ቁልፍ ሲነኩት የሚነሣ ደህና የናፍታ ሞተር አገኘሁ።

ደህና ነገር ከደህና ነገር ጋር ሁልጊዜ አይገጥምም፤ ይህን ከትዳር የምናውቀው ነው። የሞተሩ የብሎን ቀዳዳና የካምቢዮው የብሎን ቀዳዳ ጨርሶ አይተዋወቁም ነበር። ቶርኖ ቤት ያለው ወዳጄ፣ ሠፈሩ በሙሉ «ሚሊሜትር» እያለ የሚጠራው፣ በሁለቱ መካከል ገብቶ የሚያስታርቃቸውን የብረት ሳህን ቆረጠ። ዘጠኝ ቀን ፈጀበት። በስድስተኛው ቀን አንዷን ቀዳዳ በግማሽ ሚሊ መሳቱን ሲያውቅ፣ ማንም ሳያየው፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ሳህኑን ጥሎ ከአዲስ ብረት እንደገና ጀመረ። አዲሱ ሞተር ረዘም ስለሚል ካምቢዮው ወደ ኋላ ተገፋ፤ ለኋላ ጎማዎች ኃይል የሚያደርሰው ዘንግ በአራት ጣት አጠረ፤ ዲፈረንሻሉም ከአዲሱ ሞተር ጠባይ ጋር በሚስማማ ተለወጠ። ዲፈረንሻሉ ሲለወጥ ደግሞ የፍጥነት ቆጣሪው ስልሳ ስሄድ «አርባ ስምንት ነው» ማለት ጀመረ። ሚሊሜትር ይህን ሲሰማ ምግብ አልበላ ብሎት፣ የቆጣሪውን ትንሿን ጥርስ ለውጦ እውነት መናገር አስተማረው። መኪናዬ ውስጥ የተገኘው ውሸታም እሱ ብቻ ነበር፤ እሱም በአንድ ከሰዓት በኋላ ተመለሰ።

እስከዚህ ድረስ ያጠፋሁት ነገር የለም። ጥፋቴ የጀመረው ከዚያ በኋላ በገዛ እግሬ ወደ መሥሪያ ቤትዎ በመምጣቴ ነው። ሌሎች ሾፌሮች ምን እንደሚያደርጉ አያውቁም ብዬ ክቡርነትዎን አላስቀይምም፤ የአሮጌውን ቁጥር አዲሱ ሞተር ላይ በመዶሻ መትተው ጸጥ ይላሉ፤ ዝም አይነቅዝም። የቁጥር መምቻው ለሚሊሜትርም መሳቢያው ውስጥ ተቀምጦለታል። ይህንኑ አንድ ደንበኛ ፊቴ ቢያነሳበት፣ «እኔ ብረት ላይ ውሸት አልጽፍም፤ ወረቀት ይቀደዳል፣ ብረት ግን አይረሳም» ብሎ መልሶታል። እኔም በሱ ቃል ልቤ ተነክቶ፣ ሊብሬዬን በላስቲክ ጠቅልዬ፣ ፀጉሬን ተቆርጬ፣ የሞተር ለውጡ በሕግ እንዲመዘገብልኝ ልጠይቅ መጣሁ። ፀጉሬን ከዚያ ወዲህ አምስት ጊዜ ተቆርጬዋለሁ፤ ጉዳዬ ግን እንዳለ ነው። አቤቱታዬንም ለንባብ እንዲመችዎ በቁጥር ከፋፍዬ እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ በመጀመሪያው ቀን በሁለተኛው መስኮት የተሰጠኝ መልስ፣ በሊብሬው ላይ የተመዘገበው ሞተር እስካልቀረበ ድረስ ተሽከርካሪው እንዳልቀረበ ይቆጠራል የሚል ነበር። ተሽከርካሪው ውጭ ግቢ ውስጥ በአዲሱ ሞተር እየተንደቀደቀ ቆሞ ነበር፤ ቢሆንም አልቀረበም ነበር። ሕግ ነውና አከበርኩ። የኋላዎቹን ሦስት ወንበሮች ፈትቼ፣ ሁለት መቶ ሠላሳ ኪሎ የሚመዝነውን ሙት በሰንሰለት አንጠልጥለን ቦታቸው ላይ አስቀመጥንና፣ በሦስተኛው ቀን ሟቹን ይዤ ተመለስኩ። መርማሪዎ፣ ያ ነጭ ጋዋን የሚለብሰው ልጅ እግር ሰው፣ ቁጥሩን በእጅ ባትሪ አይቶ ትክክል መሆኑን ካረጋገጠ በኋላ፣ በሌላ እንዳይለወጥ በማለት ሞተሩን ከመኪናዋ ወለል ጋር በሽቦ አሠረው፤ ሽቦውንም በእርሳስ ማኅተም አተመው። ደብዳቤም ተሰጠኝ፤ ኮሚቴው እስኪወስን ድረስ ሞተሩ ከተሽከርካሪው እንዳይለይ፣ ማኅተሙም እንዳይነካ፣ ነክቶ የተገኘ የማሽከርከር ፈቃዱን እንደሚነጠቅ ይገልጻል። እነሆ ከዚያን ቀን ጀምሮ አንዱ ሞተር ከፊት ይጎትታል፣ ሌላው ከኋላ ተቀምጦ ይጓዛል። የሚጎትተው አይታወቅም፤ የሚታወቀው አይጎትትም።

ሁለተኛ፤ የዓመቱ ቦሎ ጊዜ ደርሶ ስለነበር ምርመራው በዚያው እንዲደረግልኝ በትሕትና ጠየቅሁ። እዚህ ላይ መሥሪያ ቤትዎን ማመስገን ይገባኛል፤ እንደዚህ ያለ ጥንቃቄ አይቼ አላውቅም። የጭስ ምርመራ የሚደረገው በተመዘገበው ሞተር ላይ ብቻ ነው ተባለና፣ የመለኪያው ቱቦ በሙቱ ሞተር ጭስ መውጫ ውስጥ ተከተተ። ልብ ይበሉ፤ ያልተነሣ፣ ሊነሣም የማይችል፣ አጠገቡ ናፍታ የሌለው ሞተር ነው። ባለ ነጭ ጋዋኑ ሰዓቱን እያየ ሦስት ደቂቃ ሙሉ ጠበቀ። እኔም ከጎኑ ቆሜ ጠበቅሁ። ጥበቃችን ሲያበቃ ውጤቱ ተጻፈ፤ ጭስ፣ ዜሮ። ድምፅ፣ ዜሮ። የዘይት ፍሳሽ፣ የለም። ጠቅላላ ደረጃ፣ እጅግ በጣም ጥሩ።

ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ ይህ ሞተር በሕይወት ሳለ እንዲህ ዓይነት ውጤት አግኝቶ አያውቅም። ጎረቤቶቼ ልብስ ካጠቡ የሚያሰጡት እኔ ከግቢ መውጣቴን አይተው ነበር። በሞቱ ጠባዩ በመስተካከሉ እኛ ቤተሰቦቹ ኮርተናል። ፍትሕ እንዳይጓደል ግን ይህን ልጨምር፤ ባለ ነጭ ጋዋኑ ወረቀቱን ሲሰጠኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ወንድሜ፣ እኔም ዓይን አለኝ፤ ግን ቅጹ ላይ ያሉት ሣጥኖች አራት ብቻ ናቸው፤ ሞቷል የሚል ሣጥን የለም» ብሎኛል። ዜሮ ጭስ የሚያርፈው «እጅግ በጣም ጥሩ» የሚለው ሣጥን ውስጥ ስለሆነ እዚያ አሳረፈው። ይህ ልጅ ከመሥሪያ ቤትዎ ሠራተኞች ሁሉ ዓይኔን አይቶ ያናገረኝ ብቸኛው ሰው ነውና፣ በዚህ ደብዳቤ ምክንያት እንዳይቀጡብኝ አደራ እላለሁ።

በዚያው ዕለት፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ፣ አራተኛው መስኮት መኪናዋን ጣላት። ምክንያቱ በሰው ማመላለሻ ክፍል ውስጥ ከባድ ጭነት ጭና ተገኝታለች የሚል ሲሆን፣ ጭነቱን በአስቸኳይ እንዳወርድ የሚያዝዝ ማስጠንቀቂያም ተሰጠኝ። በአንድ እጄ «እንዳትነካ» የሚለውን፣ በሌላው እጄ «አውርድ» የሚለውን ይዤ ቆምኩ፤ ሁለቱም ላይ ያለው ፊርማ የክቡርነትዎ ነው። ሁለተኛውና አራተኛው መስኮት ባንድ ግድግዳ ላይ ያሉ፣ በመካከላቸውም ሦስተኛው የማይከፈት መስኮት ብቻ ያለ ስለሆነ፣ ሁለቱ እመቤቶች ጎንበስ ብለው ቢነጋገሩ ጉዳዩ እንደሚያልቅ በትሕትና አመለከትኩ። በመስኮቶች መካከል የሚደረግ ግንኙነት በደብዳቤ ነው ተባልኩ። ደብዳቤው እንዲጻፍልኝ ለመንኩ፤ ተጻፈ። ይዤ ሁለት እርምጃ ልሄድ ስል፣ መጀመሪያ መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥር ማግኘት አለበት ተባለ፤ መዝገብ ቤቱ ማዶ ያለው ሕንፃ ሆነና ቁጥሩ እስኪወጣ አሥራ ሰባት ቀን ፈጀ። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ሲባል እሰማ ነበር፤ ሙቀጫው የት እንዳለ አሁን አውቄያለሁ።

ሦስተኛ፤ ኮሚቴው። በስንት ምልጃ በአራተኛው ወር ተሰበሰበ፤ እግሬ እስኪቀጥን ተመላልሼ የኮሚቴውን ውሳኔ በእጄ ለማስገባት በቃሁ። ክቡርነትዎ ፈርመውበታልና ማንበብዎን አልጠራጠርም፤ ለሌሎች አንባቢዎች ሲባል ግን እጠቅሰዋለሁ። «ነባሩ ሞተር በመሥሪያ ቤታችን በተደረገለት ምርመራ እጅግ በጣም ጥሩ ደረጃ ያገኘ ሆኖ ሳለ፣ ባለንብረቱ ያለ በቂ ምክንያት በሌላ ሞተር መተካታቸው ተገቢ ስላልሆነ፣ የለውጥ ምዝገባ ጥያቄያቸውን አልተቀበልነውም።» የሚሊሜትርን ምስክርነት አቀረብኩ፤ ጥቅም አለው ተብሎ ውድቅ ሆነ። የተሰነጠቀውን ቴስታታ ራሱን፣ ማኅተሙን ሳልነካ ፈትቼ፣ በጆንያ ይዤ መጣሁና ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት፤ ጠረጴዛ ያቆሽሻል ተባልኩ። እንግዲህ አስነሡትና እንየው ብዬ የሙቱን ሞተር ቁልፍ ላስረክባችሁ ብጠይቅ፣ ማስነሣት የመምሪያው ሥልጣን አይደለም ተባለ። ይህን አባባል ያለ አንዳች ክርክር ተቀብያለሁ፤ ሙት ማስነሣት በእርግጥ ከእናንተ በላይ ነው።

አራተኛ።

አራተኛው ላይ ስደርስ ትሕትናዬ ትንሽ ቢያንስብኝ ይቅርታዎን እጠይቃለሁ፤ እስካሁን የጻፍኩት ስለ ብረት ነበርና።

ሦስት ወንበር ሲነሣ ከሰባቱ ሰዎቼ አራቱ ብቻ ይሳፈራሉ። ስለዚህ ሁለት ጊዜ መመላለስ ግድ ሆነብኝ። ማዕከሉ የሚከፍተው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ነው፤ አንድ ሰው ከማሽኑ ጋር አራት ሰዓት መቆየት አለበት፤ አምስት ሰዓት ሲሆን ማሽኑ ለቀጣዩ ተረኛ ይለቀቃል፣ ለማንም አይራዘምም። የመጀመሪያው ጉዞዬ አንድ ሰዓት ላይ ይደርሳል። ሁለተኛው፣ የቱንም ያህል ብጣደፍ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። በሁለተኛው ጉዞ የመጡት ሦስቱ ሰዎች ስለዚህ የሚታጠቡት አራት ሰዓት ሳይሆን ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። የቀረው ቆሻሻ ደማቸው ውስጥ ይቀራል፤ ውሃውም አካላቸው ውስጥ ይቀራል። ይህ ነው እንግዲህ ሙት ሞተርዎ የተቀመጠበት ቦታ።

ከተሳፋሪዎቼ አንዱ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው። ማንም በተከታታይ ሁለት ጊዜ ኋላ እንዳይቀር አስልተው የተራ ሰንጠረዥ አዘጋጁ፤ የሰባቱንም ስም በቀይና በሰማያዊ እስክሪብቶ ጽፈው በመኪናዋ በር ላይ ለጠፉት። ልብስ ሰፊዋ ደግሞ የሞተሩ ዘይት የሰው ልብስ እንዳይነካ ብላ ከአሮጌ መጋረጃ ልብስ ሰፋችለት፤ ባለ አበባ ነው። ለሞተሩም ስም አውጥተውለታል፤ የሦስት ሰው ቦታ ይዞ፣ ታትሞ፣ ተከብሮ፣ ምንም ሥራ ስለማይሠራ ነው ብለው በአንድ ድምፅ የሰየሙት። ስሙን ለክብርዎ ስል እዚህ አልጽፈውም።

ሰንጠረዡ ሁለት ሳምንት ሠራ። በሦስተኛው ሳምንት እትዬ ስሟን ከተራው አስወጥታ በሁለተኛው ጉዞ ላይ በቋሚነት አስጻፈች። መምህሩ ተቆጡ፣ ልብስ ሰፊዋ አለቀሰች፣ እኔም እጄን አጣጥፌ ለመንኳት። «የባለ መኪናው እህት ቀድማ ገባች ከሚባል እግሬ ይበጥ» አለችን። እናታችን ስትሞት እትዬ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ እኔ አምስት። ያሳደገችኝ እሷ ናት። ሁልጊዜ ለኔ ከሰጠች በኋላ ነው የተረፈውን የምትነካው፤ ምን ያህል ጊዜ ምንም ሳይተርፍ እንደቀረ የገባኝ ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ነው። አሁንም ያንኑ ታደርጋለች፤ ልዩነቱ አሁን የምታካፍለው እንጀራ ሳይሆን ሰዓት መሆኑ ነው።

እግሯም አበጠ። እንዳለችው ሆነ። የራሷ ጫማ አልገባ ብሏት የኔን ነጠላ ጫማ ነው የምታደርገው። ባለፈው ሐሙስ በጀርባዋ መተኛት አቅቷት ትራስ በትራስ ላይ ደርበን ተቀምጣ ነው ያደረችው፤ ጋደም ካለች ትንፋሽ ያጥራታል። የማዕከሉ ነርስ በር ላይ አስቆማኝ፣ «ሰዓቱ መድኃኒቱ ነው፤ እርስዎ ግማሽ መድኃኒት እያመጡላት ነው» አለችኝ። እኔ ነኝ ማለት ነው። መኪናዋን የምነዳው እኔ ነኝና። ማኅተምና ኮሚቴ እያልኩ ላስረዳት ሞከርኩ፤ ጓንቷን እያወለቀች ሰማችኝና፣ «ይሄን ለኔ አይንገሩኝ፣ ለሳንባዋ ይንገሩት» ብላ ገባች።

ክቡር ኃላፊ ሆይ፣ ተናድጃለሁ። ይህን በጨዋ አማርኛ የምገልጽበት መንገድ ፈልጌ አጣሁ፤ ስለዚህ እንዲሁ ብዬዋለሁ። በመርማሪዎ አልተናደድኩም፤ በመስኮቶቹ እመቤቶችም እምብዛም። የተናደድኩት አምስት ወር ሙሉ አንድም ሰው ከወንበሩ ተነሥቶ ግቢ ወርዶ መኪናዋን ባለማየቱ ነው። ደረጃው ሃያ ሁለት እርከን ነው፤ ቆጥሬዋለሁ፣ ብዙ ጊዜ ነበረኝ። ወርደው የኋላውን በር ቢከፍቱ ኖሮ፣ ባለ አበባ ልብስ የለበሰ ሞተርና አጠገቡ፣ እኔን እየጠበቀች፣ እግሯን ሞተሩ ላይ ሰቅላ የተቀመጠች አንዲት ሴት ያዩ ነበር። ከዚያ በኋላ ቅጽ የሚያስፈልግዎ አይመስለኝም።

አምስተኛም ስድስተኛም ነበረኝ፤ በተለይ ስለ መጠበቂያው አግዳሚ ወንበር ብዙ የምለው ነበር። አራተኛውን ከጻፍኩ በኋላ ግን ሌላው ሁሉ ተራ ሆነብኝ፤ ትቼዋለሁ።

የምለምነው ጥቂት ነው። ቅጽዎ ላይ አንዲት አምስተኛ ሣጥን ይጨምሩና «ሞቷል» ብለው ይጻፉባት። ለኔ ብቻ አይደለም የምለው፤ በዚህ ከተማ ያረጁ የናፍታ መኪኖች ብዙ ናቸው፤ ሞተራቸውም እንደኛው ሟች ነው። ሣጥኗን ለማስመር ሠራተኛ ቢያጥርዎ ሚሊሜትር በነፃ ሊያሰምርልዎ ፈቃደኛ ነው፤ ከግማሽ ሚሊ በላይ አይስትም፣ ቢስትም እንደገና ይጀምራል። ወርደው መኪናዋን ማየት ከፈለጉም ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ በነዚህ ሰዎች ሥራ ላይ ነች፤ በቀሩት ቀኖች ግቢዎ ውስጥ ነን፤ እንደሚታወቀው።

በመጨረሻም ልባዊ ምስጋናዬን ሳላቀርብ ብቀር ነውር ይሆንብኛል። በአሥራ አንዱም ጊዜ «ነገ ይምጡ» ሲሉኝ አንድም ጊዜ ድምፃቸውን ከፍ ላላደረጉት ጸሐፊዎ፣ እንዲሁም ሰው እንዳይሰለች ብለው በመጠበቂያው ግድግዳ ላይ «ደንበኛ ንጉሥ ነው» የሚለውን ጽሑፍ ላሰቀሉት ክቡርነትዎ ምስጋናዬ ይድረስ። ንጉሥ ቆሞ ሲጠብቅ ያየሁት በመሥሪያ ቤትዎ ነው። ሕጋችሁ በሞተው ነገር ላይ እንዲህ የጠነከረ ከሆነ፣ ሕይወት ባለው ነገር ላይ አንድ ቀን ቢነቃ ምን ያህል መልካም ነገር እንደሚሠራ እያሰብኩ እጽናናለሁ።

ዕድሜና ጤና፣ ረጅም ሹመትና አጭር ስብሰባ እየተመኘሁልዎ፣ ለክቡርነትዎ፣ ለመምሪያዎ፣ ለኮሚቴው አባላት በየማዕረጋቸው፣ ለኮቱም ጭምር፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

የሁልጊዜ ደንበኛዎ፣
የሰማያዊዋ ቫን ባለቤትና ሾፌር፣ የእትዬም ታናሽ ወንድም

ማሳሰቢያ፤ ከዚህ በላይ ያለውን የጻፍኩት ትናንት ነው። ዛሬ ረፋድ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ጎረቤት እያየኝ፣ የእርሳስ ማኅተሙን በገዛ እጄ በጥሼዋለሁ። ሚሊሜትር ሊበጥስልኝ ጠይቆኝ ነበር፤ ለኔ ተብሎ የሚነጠቅ ፈቃድ የኔ ብቻ እንዲሆን ስለፈለግሁ እንቢ አልኩት። ሞተሩን ለአራት ተሸክመን በመሥሪያ ቤትዎ በር ላይ አስቀምጠነዋል፤ ጥበቃው ሞተሩ ማንን ፈልጎ እንደመጣ ሲጠይቀን የእርስዎን ክፍል ነግረነዋል። ሦስቱ ወንበሮች ወደ ቦታቸው ተመልሰዋል፤ እኔ እትዬን አንደኛው ላይ ያስቀመጥኳት ተቆጥቼ ነው፣ እሷም ተቆጥታ ነው የተቀመጠችው። ነገ ማለዳ ሰባቱም ሰዎቼ፣ ከኔ ጋር ስምንት ሆነን፣ በትልቁ አደባባይ በኩል እናልፋለን። ሊያስቆሙን እንደሚችሉ አውቃለሁ፣ መብትዎም ነው፤ አልሸሽም፣ ፈቃዴንም አስረክባለሁ። አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ፤ የሚያስቆሙን ስንመለስ ይሁን። ስንሄድ ካስቆሙን ግን፣ እባክዎ፣ መኪናዋን ብቻ ሳይሆን እህቴንም ፈርመው ይረከቡኝ።